ንፋስ እንዳያገኛቸው

ማርች 27

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ወንድሜ ቃለአብ ከ«ሀ ሁ» አልፎ ስለማያነብ ነው። ከዚህ የተሻለ ቁልፍ የለም። ደግሞ እዚህ ውስጥ የሚገቡት ሰዎች የሚያወሩት በአማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ብጽፋቸው ግማሽ ቀልዳቸው መንገድ ላይ ይሞታል።

ዋናው ዜና፦ አባባ ተስፋዬ፣ የእማዬ አባት፣ ከአዲስ አበባ ዴሊ ሄደው የልብ ቫልቭ ተቀየረላቸው። ደረታቸው ተከፍቶ ተሰፍቷል። ሐኪሙ እስከ ሜይ ድረስ ከከተማው እንዳይወጡ ስላለ፣ ሆስፒታሉ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይተዋል፤ አራተኛ ፎቅ፣ ከላይ ጣሪያ ብቻ። የምታስታምማቸው እትዬ ኤልፍነሽ ናት፣ የእማዬ ታላቅ እህት። እማዬ የሌሊት ሺፍት ስለምትሠራ ጠዋት ጠዋት፣ ስኩል ባስ ሳይመጣ፣ የምደውለው እኔ ነኝ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው። ባጭሩ የቤቱ ዜና አንባቢ ሆኛለሁ።

ዛሬ እትዬ ኤልፍነሽ ፋርማሲ ደጃፍ ያለ የሙቀት ሰሌዳ ፎቶ አንስታ ላከች። «40» ይላል። እትዬ አበዛሽ ኩሽናችን ውስጥ ነበሩ። (ጎረቤታችን ናቸው፤ እዚሁ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ሃያ ዓመት ኖረው ሊልበርን ቤት የገዙ፣ የማታው የስልክ ጸሎት ሊቀመንበር፣ የሁላችንም በሽታ አማካሪ።) ፎቶውን አይተው ደረታቸውን ያዙ።

«አርባ! ኧረ በብርድ ሊገድሏቸው ነው! በይ መነን፣ ጋቢ ይደረብላቸው በያት። መስኮቱም ይዘጋ!»

እማዬም (መነን እሷ ናት) ወዲያው ቮይስ ላከች። እኔም፣ ሐቁን ለመናገር፣ አርባ ሲሉ የመጣልኝ የጃንዋሪ ጠዋትና ጃኬት ነው። አባዬ ከሚነዳው ትራክ ላይ ሆኖ ሲደውል ነው የሳቀብን። «ሴንቲግሬድ ነው እኮ፣ እናንተ ሰዎች! በእኛ ፋራናይት መቶ አራት ነው!»

እትዬ አበዛሽ ያፍራሉ ብዬ ጠበቅኩ። «ቢሆንም መዝጋት ነው» አሉ። «የሞቀ ገላ ነው ንፋስ የሚወደው።»

ማርች 30

ስለ ንፋስ ጥናት ጀምሬያለሁ። እስካሁን የደረስኩበት፦ ንፋስ ወገብ ይይዛል፣ አፍ ያጣምማል፣ ጥርስ ይነቀንቃል። መኪና ውስጥ ሁለት መስኮት አንድ ላይ ከተከፈተ ሁላችንም አለቀልን። በዓለም ላይ ይህ ንፋስ የሚያጠቃው እኛን ብቻ ነው። የክፍሌ ልጅ ሪቱን ጠየቅኳት፤ አያቷ የዴሊ ሴት ናት። «አያቴ ሙሉ በጋ ጣሪያ ላይ ነው ተኝታ ያደገችው» አለችኝ። ለእትዬ አበዛሽ ነገርኳቸው። «እነሱ ለምደውታል» አሉ። ሳይንሱ እዚህ ላይ አበቃ።

ኤፕሪል 2

ጦርነት ተጀምሯል!

ክፍሏ ውስጥ ኩለር የሚሉት ነገር አለ። የቆርቆሮ ሳጥን ነው፤ ጎኑ ላይ ሣር የመሰለ ነገር ተወጥሯል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ ከውስጥ ያለው ፋን እርጥቡን አየር ያወጣል። የቤቱ ባለቤት ሚስስ ካፑር፣ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር፣ በቀን ሦስቴ እየወጣች ታበራዋለች። እትዬ ኤልፍነሽ በሩ እስኪዘጋ ትጠብቅና ታጠፋዋለች። ሴትየዋ ትመለሳለች፣ ታበራለች። ይህቺ ታጠፋለች። አንድ የጋራ ቃል የላቸውም፤ ሁለቱም በየቋንቋቸው ይጮሃሉ።

«አባቴን ልትገድልብኝ ነው» አለችኝ እትዬ በቪዲዮ። «ቀጥ አድርጋ ደረታቸው ላይ ታስነፍስባቸዋለች እኮ! ስፌቱ ላይ!»

ከኋላዋ አባባ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በላብ ያበራል። «ደህና ነኝ፣ ልጄ» አሉ። አባባ ቤት ቢቃጠልም ደህና ነኝ ነው የሚሉት።

የመስኮቱን ጠርዝ በፎጣና በፕላስተር አሽጋዋለች። ኩራት ባለው ድምፅ አሳየችኝ።

ኤፕሪል 5

ኤክስፐሪመንት። ቃለአብን በእማዬ ጋቢ ጠቅልዬ፣ ስፔስ ሂተር አብርቼ፣ መታጠቢያ ቤት ዘጋሁበት። አይፓዴን ለአንድ ቀን ሊወስድ ተስማማን። ምን እንደሚሰማው በበሩ በኩል እንዲነግረኝ ነው።

መጀመሪያ፦ «ኢዚ ነው።»
ቀጥሎ፦ «ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ።»
ቀጥሎ፦ «ሄርሜላ፣ ላይክ፣ መናደድ ጀመርኩ።»
መጨረሻ፦ ዝም። በሩን ስከፍት ጨዋታ እየተጫወተ ነበር፤ ግን ቀይ ሆኗል፣ ውሃ ሰጥቼው በአንድ ትንፋሽ ጨረሰ።

አንብቤ እንደተረዳሁት ላብ ራሱ አይደለም የሚያቀዘቅዘው፤ ላቡ ሲደርቅ ነው ሙቀቱን ይዞ የሚሄደው። አየር ካልተንቀሳቀሰ አይደርቅም። እስከ ዛሬ ላብ የማፈሪያ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። በጣም አሪፍ ማሽን ነው እኮ የተሸከምነው።

ለእማዬ ነገርኳት፤ መስኮቱ ይከፈት በያት አልኳት። ዩኒፎርሟን እየለበሰች ነበር። ቆም አለች።

«እኔ አልላትም።»

«ለምን?»

«አንድ ነገር ቢሆኑስ? ዕድሜ ልኬን ‹አሜሪካ ተቀምጣ አስከፈተችኝ› ልባል? አጠገባቸው ያለችው እሷ ናት። እሷ ታውቃለች።»

ኤልፍነሽም እንደዚሁ ናት። ብትከፍትና አባባ ቢያስሉ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ «መስኮት ከፍታ ነው» የሚሏት እሷን ነው። ስለዚህ መስኮቱ ተዘግቶ ይቆያል፤ ማንም ተጠያቂ አይሆንም።

ኤፕሪል 9

ውጪ መኪናው ሁሉ በፖለን ቢጫ ሆኗል። ሰባ ዲግሪ። ሰው ሁሉ «ዋት ኤ ቢዩቲፉል ዴይ» ይላል። ዴሊ አርባ ሁለት።

ኤፕሪል 12

ራሴ ነገርኳት። «እትዬ፣ ኩለሩን አብሪው፤ ፊቱን ከአባባ አዙረሽ ወደ ግድግዳ አድርጊው። ውሃ ሲተን ክፍሉን ያቀዘቅዛል፤ ሳይንስ ነው።» ለእኔ ስትል አበራችው! ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ እንደ ጄኔራል ነበር የሄድኩት።

ማታ ደወለች። «ሄርሜላ፣ እንፋሎት ቤት አደረግሽብን። ግድግዳው ያልበዋል። አባባ ትንፋሽ አጠራቸው። አጠፋሁት።»

ሪቱ አያቷን ጠየቀችልኝ። አያቷ ሳቀች አሉ። ኩለር የሚሠራው መስኮት ሲከፈት ነው፤ እርጥቡ አየር መውጫ ይፈልጋል፤ አለዚያ እንፋሎት ነው። እኔ ግማሹን ሳይንስ ብቻ ነበር የላክሁት።

አሁን ይህን ብናገር ማን ይሰማኛል? እትዬ አበዛሽ በጸሎት መስመሩ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ዘጉት። ሰው ሁሉ ማይኩን ዘግቶ ሚውት ላይ ሆኖ ሲስቅ ይሰማኛል።

ኤፕሪል 15

ለካ እትዬ ኤልፍነሽ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም ሳትቀምስ ነው የምትጾመው። ስለት ነው፤ አባባ በእግራቸው አዲስ አበባ ከገቡ እያለች ነው። አባባን ግን ውሃ ታጠጣለች፤ ማንኪያ በማንኪያ፣ እየተቆጣች።

እኔ ዛሬ ካፌቴሪያ ውስጥ የዶሮ ሳንዱች በላሁ። ግማሹን። እሺ፣ ሁሉንም።

«ውሃ እንኳን ጠጪ እንጂ» አልኳት።

«አንቺ ጾምሽን ያዢ» አለችኝ። በአስራ ሁለት ሺህ ኪሎሜትር ርቀት አፌ ላይ ማዮኔዙን ያየችው መሰለኝ።

ኤፕሪል 17፣ ሆሳዕና

ቤተ ክርስቲያን የዘንባባ ቀለበት ሠርቼ ለቃለአብ ጆሮው ላይ ሰካሁለት። ካህኑ አዩኝ።

ዜናው ሁሉ አሁን ስለ ህንድ ሆኗል። ስፕሪንግ ላይ እንዲህ ያለ ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም ይላሉ። ስንዴው ማሳ ላይ እንደቆመ ደረቀ። ወፎች ውሃ ጠምቷቸው ከሰማይ ሲወድቁ፣ አንድ ሰውዬ በስሪንጅ ሲያጠጣቸው ቪዲዮ አየሁ። ደጋግሜ አየሁት። ሰማዩ ላይ የከበደ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጠማል፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አትላንታ ላይም ይገጠም ይሆን? ኦገስት ላይ የገጠመ ይመስለኛል፤ ግን እኛ ኤሲ አለን፣ እሱንም እትዬ አበዛሽ ቤት «ትከሻ ይይዛል» ተብሎ በፎጣ ይሸፈናል።

የጸሎት መስመር ላይ የተለመደው። አባባ በሉ? አባባ ተኙ? ቁስሉ ጠገገ? እኔ ሪፖርት አቀረብኩ፦ በሉ፣ ተኙ፣ ጠገገ። ሁሉም «ተመስገን» አለ።

ኤፕሪል 19

እትዬ ኤልፍነሽ እያረጀች ነው፤ በጣም ያስቃል። ዛሬ ሁለት ጊዜ «መነን» ብላ ጠራችኝ። ሻይ ውስጥ ጨው ጨምራ አባባ ዝም ብለው ጠጡት። ከዚያ ደግሞ «ዝናቡ አባራ?» አለችኝ።

«የት ያለው ዝናብ?»

«አሁን የዘነበው ነዋ! መነን፣ ልብሱን አስገቢ።»

ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራለች። «ያ ላብ ቆመልኝ፣ ለመድኩት መሰለኝ» አለች። ጥሩ ዜና አልኳት፤ ሰውነት እንደሚለምድ አንብቤያለሁ።

ማታ ለቃለአብ እሷን እያስመሰልኩ አሳየሁት፤ ነጠላ ለብሼ፣ «ዝናቡ አባራ?» እያልኩ። መሬት ላይ ተንከባለለ። እማዬም በር ላይ ሆና ሳቀች። ከዚያ መሳቋን አቆመችና «መቼ ነው እንዲህ ያለችው?» ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬ፣ አልኳት። ስልኳን አንስታ አየችው፤ እዚያ ሌሊት ስለነበር መልሳ አስቀመጠችው።

ኤፕሪል 21

ደወልኩ። አጭር ነበር። ነገ ስቅለት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ባትችልም ከአዲስ አበባ በቀጥታ የሚተላለፈውን የስግደት ጸሎት ስልኳ ላይ ከፍታ ልትሰግድ ነው። እማዬ ለራሷ መደወል ፈልጋ ነበር፤ ደብል ሺፍት ሰጧት።

ዴሊ አርባ አራት።

ኤፕሪል 22፣ ስቅለት

ባሱ ሄደ። አልተሳፈርኩም።

እሷን ይዘዋት እየሄዱ ነው። ስልኩ ተቋረጠ። እማዬ 285 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዟታል። ቃለአብ ማንኪያውን ይዞ ያየኛል። «ማን ላይ ነው የምትጮሂው?» ይላል። ፊደሎቼ የሱን ፊደል መስለዋል።

ከሰዓት በኋላ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ስደውል ያነሱት አባባ ናቸው። አባባ ስልክ አንስተው አያውቁም። የሚታየኝ ጣሪያው ነው።

«አባባ፣ ለእትዬ ይስጧት።»

«እየሰገደች ነው፣ ልጄ።»

«እሺ፣ ስትጨርስ እደውላለሁ» አልኩ። ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። ጣቴ መዝጊያው ላይ ነበር። ምን እንዳስጠየቀኝ አላውቅም፤ «ቆየች እንዴ?» አልኩ።

«ቆየች። ወድቃ ሰገደች፣ ከዚያ አልተነሳችም። ጸሎት ላይ ያለን ሰው መንካት ነውር ነው ብዬ ዝም አልኳት። ካህኑ ሁለት ምንባብ አነበቡ።»

ስልኩን ወደ እሷ እንዲያዞሩት ነገርኳቸው። ግንባሯ ወለሉ ላይ ነው። ነጠላዋ አልተፈታም። አንድ እጇ መዳፉ ወደ ላይ ተገልብጧል፤ የሚሰግድ ሰው እጁን እንዲህ አያደርግም።

«ንካት!»

ነኳት። «ትፋጃለች» አሉ። «እንደ ጋለ ብረት።»

«ላብ አላት?»

«የለም። ደርቃለች።»

ስለ ሙቀት ያነበብኩት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። በሻሽ የታሰረው ራሷ፣ የተቀላቀለው ስም፣ ያልዘነበው ዝናብ፣ የቆመው ላብ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ እኮ። አባባ ላይ ስፈልገው ነበር።

«መስኮቱን ክፈት! በሩን ክፈት! የታችኛዋን ሴትዮ ጥራ!» አባባን አንተ እያልኩ ነበር፤ አሁን ነው ያስተዋልኩት። አባባ ድምፃቸውን ከፍ ማድረግ አይችሉም፣ ደረታቸው ነው። ከዘራቸውን አንስተው ወለሉን ደበደቡ። ከዚያ የመስኮቱን ፕላስተር በጥፍራቸው ሲልጡት ሰማሁ፤ ሽርርር ይላል፣ ይቆማል፣ ያለከልካሉ፣ እንደገና ሽርርር።

«ውሃ አፍስሱባት!»

«የቧንቧው ይፈላል፣ ልጄ።»

«ሌላ ውሃ የለም?»

«የእንጦጦ ማርያም ጠበል አለ። በማንኪያ ነው የምትሰጠኝ።»

«ሁሉንም!»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም፣ አባባ! አንገቷ ላይ፣ ብብቷ ስር፣ ልብሷ ላይ!»

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አሉና ሲንዶቀዶቅ ሰማሁ።

ሚስስ ካፑር ገባች። ሂንዲ አልችልም፤ ስድብ ግን በየትኛውም ቋንቋ ይገባኛል። ኩለሩን ጎትታ መስኮቱ ላይ ደቀነችው፣ አበራችው፣ አንሶላ አርጥባ በእትዬ ላይ ጣለች። በዚህ ጊዜ ማንም አላጠፋባትም። ከዚያ ሰዎች ገቡ፣ ጫማ ብቻ ይታየኛል፣ ተቋረጠ።

እማዬ ስትመጣ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ሞተሩን ሳታጠፋ ተቀመጠች። ሄጄ በመስኮቱ በኩል ቆምኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?»

«አላውቅም» አልኳት።

አውቃለሁ።

ማታ

የጸሎት መስመር። እትዬ አበዛሽ ጀመሩ፦ «አባታችን አባባ ተስፋዬ እንዴት ዋሉ?» ማንም አልነገራቸውም፤ እማዬ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ብላ ደብቃለች። ሚውቴን አነሳሁ።

«አባባ ደህና ናቸው። መስኮት ከፍተዋል። ሆስፒታል የገባችው እትዬ ኤልፍነሽ ናት። አልነቃችም።»

መስመሩ ላይ የአንድ ሰው ቲቪ ብቻ ይሰማል።

«ንፋስ አገኛት?» አሉ እትዬ አበዛሽ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ።

«ንፋስ አጥታ ነው» አልኩ።

ቀልድ አልነበረም። ማንም ሚውት ላይ ሆኖ የሳቀ አልመሰለኝም።

ኤፕሪል 23

ዓይኗን ገልጣለች። ኩላሊቷን እያዩት ነው። ማንንም ገና አታውቅም፤ የአባባን እጅ ይዛ አትለቅም። አባባ አልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ናቸው፤ ሐኪሙ ተቆጣ፣ ሂዱና ተኙ አላቸው። «አስታማሚ ነኝ» ብለው እንቢ አሉ።

ለእማዬ እውነቱን ነገርኳት፤ ስለ ላቡ፣ ስለ ጥሩ ዜና ያልኩት። ትመታኛለች ብዬ ነበር። «ለእኔም ነግረሽኝ ነበር፤ ስቄያለሁ» አለች። ከዚያ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ሳልጠይቃት፣ በጣም አጥብቃ።

ኤፕሪል 24፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ትንሽ ተኝተን ተነሳን። እትዬ አበዛሽ የዶሮ ወጣቸውን በድስቱ ይዘው መጡ። ቤቱ ሞልቷል፤ አባዬም ትራኩን ነዳጅ ማደያ አቁሞ በስልክ አለ። ደወልን።

አባባ አነሱ። አሁን ጎበዝ ሆነዋል፤ ግንባራቸው ይታያል። «ሾርባ ጠጣች፣ ሽንቷ ነጥቷል፣ ሁሉንም በስም ጠራች» ብለው ሪፖርት አደረጉ። ከዚያ ስልኩን ለእሷ ያዙላት። ፊቷ ትንሽ ሆኗል። ክንዷ ላይ ቱቦ አለ።

እትዬ አበዛሽ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

«ኤልፍነሽ፣ እንዴት ነሽ?»

«እኔማ ደህና ነኝ፣ እትዬ። አባባም ትናንት ትንሽ ያስላቸው ነበር፣ ግን...»

«አባትሽን ማን ጠየቀሽ?» ጮኹ። ቃለአብ ደነገጠ። «አንቺን ነው! አንቺን ነው የጠየቅሁት፣ የኔ ልጅ!»

ኔትወርኩ የቆመ መሰለኝ፤ ከዚያ የእትዬ ኤልፍነሽ ዓይን ሲርገበገብ አየሁ።

«ሞቀኝ» አለች። «በጣም ሞቀኝ፣ እትዬ አበዛሽ።»

ከዚያ መናገር ጀመረች። ወለሉ እግሯን ያቃጥላት ነበር። ማንኪያው ከመሳቢያ ሲወጣ ይሞቃል። ሌሊት አንሶላዋን ታገላብጠዋለች፣ ሁለቱም ጎን ያው ነው። ደረጃውን አራት ፎቅ መድኃኒት ይዛ ስትወጣ ሁለተኛው ላይ ተቀምጣ ታለቅስና ፊቷን ጠርጋ ትገባለች። እትዬ አበዛሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። እማዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የዶሮው ድስት ክዳኑ ሳይነሳ ቀዘቀዘ፤ «አይዞሽ» ብሎ ያቋረጣት ሰው የለም።